ምዕራፍ አምስት፦ ፍጻሜውን እያወቁ መልሶ ማንበብ

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሁለተኛ ጊዜ የሚያነሣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብረው አያረጁም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበውም ቢሆን ርዕሱን አይቶ መጨረሻውን ሳይጠረጥር አይቀርም። እንዲያም ሆኖ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አንድ ጊዜ ያነበበው ይደግመዋል፣ የደገመው ይሠልሰዋል፤ በሬዲዮ የሰማው ገዝቶ ያነበዋል፣ አንብቦ የጨረሰው ሲተረክ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል።

ምን ፈልጎ? የሚጠበቅ ምስጢር የለም፣ የሚፈታ እንቆቅልሽ የለም። ሰው የሚያስለቅሰውን ነገር ደጋግሞ በደስታ የሚያነብበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። በተለይ የታሪክ የፍቅር ልብ ወለድ፣ ማለትም ያለፈ ዘመንን ከሁለት ሰዎች ፍቅር ጋር አዋሕዶ የሚተርክ ድርሰት፣ ከሌሎች መጻሕፍት ይበልጥ ወደ ራሱ የሚመልሰው ለምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ አምቦ ጥሩ መነሻ ናት። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በጠበሏና በማዕድን ውሃዋ ትታወቃለች፤ በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። የምዕራብ ሸዋ አንባቢ በኦሮምኛም በአማርኛም ያነባል፣ አያቶቹ የኖሩበትን የመሬት ሥርዓት በቃል ይሰማል፣ ታሪክን መድረክ ላይ ያወጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የአገሩ ልጅ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድን መጽሐፍ ሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ሌላ መጽሐፍ ያደርጉታል።

ከጦብያ እስከ ሰብለ ወንጌል

የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ የታሪክ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦብያ» ተብሎ የታወቀው፣ ከዘመናት በፊት በክርስቲያኖችና በአረማውያን መካከል በተነሣ ጦርነት ይጀምራል። ጦብያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ወንድ መስላ በመሄዷ የሚፈጠረው ግራ መጋባት፣ የንጉሡ መውደድ፣ የሃይማኖት ልዩነቱ፣ ሁሉም በመጨረሻ በጋብቻና በሰላም ይቋጫል።

በአውሮፓ የታሪክ ልብ ወለድ ፈር የያዘው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1814 «ዌቨርሊ»ን ካሳተመ ወዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊቷ ጆርጄት ሄየር የታመመ ወንድሟን ለማጫወት የጀመረችውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1921 መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው። ዛሬ በእንግሊዝኛ «የታሪክ ሮማንስ» ተብሎ በገፍ የሚታተመው ዓይነት ድርሰት ብዙ መልኩን ያገኘው ከእሷ ነው። በዚያ ዓይነት መጽሐፍ ፍቅረኞቹ ብዙ ተፈትነው ይጋባሉ። አንባቢው የሠርጉን ማረጋገጫ በእጁ ይዞ ነው የሚጀምረው፣ ሲደግመውም ያንኑ ማረጋገጫ ፍለጋ ነው ተብሎ ይገመታል።

በኢትዮጵያ ግን በጋብቻ ከተቋጨው «ጦብያ» ይልቅ ደጋግሞ የተነበበው በመቃብር የተቋጨው ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፍቅረኞች አይጋቡም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥ ጸጋዬ የሚባለው ገጸ ባሕርይና ፊያሜታ በጦርነት መካከል ይፋቀራሉ፣ ጦርነቱም ይለያያቸዋል። አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ» የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ሲተርኩ የመቅደላን ፍጻሜ የማያውቅ አንባቢ አልነበራቸውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ አንባቢ መጽሐፉን የሚደግመው በመጨረሻው ገጽ የሚያጽናናው ነገር ስላለ ነው ማለት አይቻልም። ደስታው ከፍጻሜው በፊት ባሉት ገጾች ውስጥ ነው።

«ኦሮማይ» ሌላም ነገር ያሳያል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ የታሪክ ልብ ወለድ አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት አሥመራ ላይ ስለተደረገ ዘመቻ የሚናገር የዕለቱ መጽሐፍ ነበር። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ያኔ በፍርሃት የተነበበውን መጽሐፍ ዛሬ የሚከፍተው ሰው ያለፈ መንግሥትን፣ ያለፈች አሥመራን ነው የሚያገኘው። አንድም ቃል ሳይቀየር የታሪክ ልብ ወለድ ሆኗል።

መጽሐፍ ወደ አምቦ ሲመጣ

አምቦ ከመጽሐፍ ጋር የተዋወቀችው በትምህርት ቤት በኩል ነው። የእርሻ ትምህርት ቤቷ በ1939 ዓ.ም. ተከፍቶ ከየአገሩ ተማሪ ሲሰበስብ ቆይቶ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሥር ሆኗል። ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስ የጻፈው ተውኔት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርቧል። ከኦሮሞ አባትና ከአንኮበር ከመጣች እናት የተወለደው ይህ ልጅ በቤቱ ሁለት ቋንቋ እየሰማ፣ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ እየተማረ አደገ።

ከሁሉ ይበልጥ መጽሐፍን ወደ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያስገቡት ግን አዟሪውና ሬዲዮው ናቸው። አዟሪ መጻሕፍቱን በክንዱ ላይ ከመዳፉ እስከ ትከሻው ደርድሮ፣ ከላይ በአገጩ ደግፎ መናኸሪያና ሻይ ቤት ይዞራል። ርዕሱ ወደ ውጭ የዞረውን ጀርባ ገዢው ጎንበስ ብሎ ያነባል፤ ከመካከል አንዱን ሲጠይቅ አዟሪው ቁልሉን ሳያፈርስ ስቦ ያወጣለታል። ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ሣንቲም እየከፈለ የሚከራይበት ሱቅ ነበረው። የኪራይ መጽሐፍ ሲያረጅ ይታወቃል፦ ሽፋኑ በካርቶን ተተክቷል፣ ጥራዙ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፣ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ገጾች ማዕዘናቸው ተበልቷል፣ በኅዳጉ ላይ አንዱ አንባቢ ለሚቀጥለው «እዚህ ጋ እንዳታለቅስ» ዓይነት ማስታወሻ ጽፎለታል። እንዲህ ያለ ቅጂ የሚያነብ ሰው ከእሱ በፊት ያነበቡትን ሁሉ አብሯቸው ያነባል።

ሬዲዮ ደግሞ ማንበብ ለማይችለውም ደረሰ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰብለ ወንጌልን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ በአንድ ድምፅ፣ የጉዱ ካሳን ምሬት በሌላ፣ የሰብለ ወንጌልን ዝምታ በሌላ አሰማ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን የከፈተ ብዙ ሰው በዓይኑ ሲያነብ በጆሮው የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። አዲስ አንባቢ እንኳ መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ከታላላቆቹ አፍ ስለሰማው የመጀመሪያ ንባቡ በከፊል ድጋሚ ንባብ ሆኖ ይጀምራል።

ያው ፊታውራሪ፣ ሌላ አንባቢ

«ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም መጽሐፍ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቻቸው ላይ ከልማድ ውጪ ግብር ሲጨምሩ፣ ገበሬዎቹ እምቢ ሲሉ፣ እሳቸውም ጦር ይዘው ሲወጡ፣ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ይማርኳቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ወጣት ይህን ክፍል ይስቅበታል፣ ወይም ወደ ሰብለ ወንጌል ቶሎ ለመመለስ ይዘለዋል።

የምዕራብ ሸዋ አንባቢ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስበት ይቆማል። የጎጃም ገበሬ ርስት ነበረው፤ ከጌታው ጋር የሚከራከረው በራሱ መሬት ላይ ቆሞ ነው። በአምቦና በአካባቢዋ ግን ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር፤ የሌላውን መሬት እኩል ወይም ሲሶ እየከፈለ ያርስ ነበር፣ ባለመሬቱ በቃህ ካለው መሄጃ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ መጽሐፉ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ያነበበ የጭሰኛ ልጅ ፊታውራሪውን በአካል የሚያውቃቸው ያህል ነበር፣ በ1970 ዓ.ም. ያነበበው የወደቀ ጌታን ነው ያየው፣ ዛሬ የሚያነበው የልጅ ልጅ ደግሞ አያቱ ሲያወሩ የሰማውን ነገር ማስረጃ ያገኝበታል። የገበሬዎቹ ድል የሚያስቅ ክፍል መሆኑ ቀርቶ የመጽሐፉ እምብርት ይሆናል፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንዳይጋቡ ያደረገው የዘር ትምክህትና ገበሬውን ያራቆተው ግብር ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸው የሚታየው ያኔ ነው።

ዕድሜም እንዲሁ ያደርጋል። በአሥራ ሰባት ዓመት የሚያነብ ሰው ከበዛብህ ጋር ነው። ልጅ ወልዶ ሲደግመው ደግሞ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ አጠገብ ይቀመጣል። የእነዚያ ወላጆች ስለት፣ ልጃችን ከዳነ ለእግዚአብሔር አገልጋይ ይሁን ማለታቸው፣ በመጀመሪያ ንባብ የታሪኩ መንደርደሪያ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን የበዛብህ ሕይወት የታሰረበት ቋጠሮ እሱ እንደሆነ ይገባል። ክፉ የሚባል ሰው ሳይኖር፣ ከፍቅርና ከፍርሃት ብቻ የተነሣ አንድ ቃል ልጁን ከትዳር ያግደዋል። ይህን ለማየት ፍጻሜውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ይህን መንገድ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባሳተመለት «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በተባለው የእንግሊዝኛ ተውኔቱ ሻንካና ኡኩቴ በትንቢት ይጋባሉ፤ በኩራቸው ግን ለመሥዋዕት የተመደበ ነው። ሻንካ ልጅ እንዳይወለድ ብሎ ሚስቱን አይቀርባትም፣ ጥፋቱም ከዚያ እንቢታ ይጀምራል። ሳይወለድ ስለተሰጠ ልጅ የሚናገረውን ይህን ተውኔት ከበዛብህ ስለት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው፣ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ የጎጃሙ ደራሲና የአምቦው ባለቅኔ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዳነሡ ያያል።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

ፍጻሜን ማወቅ ደስታን ያበላሻል የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈትኗል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለአንባቢዎች ሰጡ። አንዳንዱ አንባቢ መጨረሻውን አስቀድሞ ተነግሮታል፣ ሌላው አልተነገረውም። የተነገራቸው በአማካይ ይበልጥ ወደዱት። አራት ዓመት ቆይቶ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኩ ያን ያህል እንዳላጓጓቸው አገኘ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፦ ጉጉት ይቀንሳል፣ ነገር ግን ጉጉት ብቻውን ደስታ አይደለም። ቀጥሎ ምን ይመጣል እያለ ሲሮጥ የነበረው አእምሮ ሲያርፍ የሰውን አነጋገር፣ የቤቱን ሽታ፣ የዝምታውን ምክንያት ማስተዋል ይጀምራል።

አሜሪካዊቷ ጃኒስ ራድዌይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጥናት የሮማንስ አንባቢ የሆኑ ሴቶችን አነጋገረች። ሴቶቹ ንባብን የሚወዱት ከቤት ሥራና ከቤተሰብ ጥያቄ ተለይተው የራሳቸው የሆነ ጊዜ ስለሚያገኙበት እንደሆነ ነገሯት፤ ሲከፋቸው የሚወዱትን መጽሐፍ እንደገና ያነባሉ። ለአምቦ አንባቢም ይህ እንግዳ አይደለም። ከቡና በኋላ ልጆች ሲተኙ የተሸፈነች መጽሐፍ የምታወጣ እናት አዲስ ታሪክ ለመልመድ የሚያስፈልገው ጉልበት ላይኖራት ይችላል። የምታውቀው መጽሐፍ በየትኛውም ገጽ ይከፈትላታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ክሪስቴል ራስልና ሲድኒ ሌቪ መጽሐፍ የሚደግሙ፣ ፊልም ደግመው የሚያዩ፣ የሄዱበት ቦታ ተመልሰው የሚሄዱ ሰዎችን ጠየቁ። መልሱ ከናፍቆት ያለፈ ነበር። ሰዎቹ ወደ አሮጌው ነገር ሲመለሱ ራሳቸው ምን ያህል እንደተለወጡ ይለኩበታል። መጽሐፉ ባለበት ቆሟል፤ የተራመደው አንባቢው ነው።

በሲጋራ ወረቀት ላይ

ከኢትዮጵያ የድጋሚ ንባብ ታሪኮች ሁሉ የተርጓሚውን የነቢይ መኮንንን የሚያክል የለም። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ አንድ ቅጂ እስረኞቹ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ይህ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለኖረችው ስካርሌት ኦሃራ ይናገራል። እስረኞቹ ተራ ገብተው አነበቡት። ነቢይ ተራው ሲደርስ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ይተረጉመው ጀመር። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች። የሚፈቱ እስረኞች በየሲጋራ ፓኮው ይዘውለት ወጡ። እሱም ሲፈታ ቁርጥራጮቹን ካሉበት ለቅሞ ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት። መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተመ።

ተርጓሚ ከሁሉ የጠለቀ ደጋሚ አንባቢ ነው፤ አንድን ዓረፍተ ነገር ሳያልፍ፣ ሌላ ቋንቋ እስኪናገር ድረስ ይመላለስበታል። በዙሪያው ያሉት እስረኞችም ነገ መኖራቸውን ሳያውቁ የተሸነፈ አገር፣ የተራበ ቤትና እጅ የማትሰጥ ሴትን ታሪክ ከእሱ ጋር ኖሩ። ያ መጽሐፍ በአሜሪካ ምን ማለት እንደሆነና በማዕከላዊ ምን ማለት እንደነበረ የተለያየ ነው።

የሚቸል መጽሐፍ አንድ ሊሸሸግ የማይገባው እድፍ አለበት። የባርነትን ሥርዓት በናፍቆት ይስላል፤ ባሪያዎቹን በጌቶቻቸው ደስ ተሰኝተው የሚኖሩ ያስመስላቸዋል። በመጀመሪያ ንባብ ፍቅሩ ዓይን ይይዛል፣ በሁለተኛው ግን በጓዳ ያሉት ሰዎች ይታያሉ። የታሪክ የፍቅር ልብ ወለድ ያለፈውን ዘመን የማስዋብ ዝንባሌ ስላለው ደጋሚ አንባቢ ያስፈልገዋል። ለአገራችን መጻሕፍትም ይኸው ጥያቄ ይቀርባል፦ በጌታ ቤት ማን ፈጨ፣ ማን ውሃ ቀዳ፣ ስሙስ ተነሥቷል? ሐዲስ ዓለማየሁ ገበሬውንና አገልጋዩን ከጌቶቹ እኩል ማናገራቸው መጽሐፋቸው ለዚህ ጥያቄ እንዲቆም አድርጎታል።

ለአምቦ አንባቢ

በ1984 ዓ.ም. አካባቢ ኦሮምኛ በቁቤ የትምህርት ቋንቋ ከሆነ ወዲህ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያደገ አንባቢ መደርደሪያው ሰፍቷል። የዳባ ወየሳ «ጎዳኒሳ»ን ከመሳሰሉ ቀደምት የኦሮምኛ ልብ ወለዶች ጀምሮ የራሱን ዘመንና ቤት በአፍ መፍቻው ያነባል። ይህ አማርኛውን መጽሐፍ አያስጥለውም፤ አጠገቡ የሚያስቀምጠው ሌላ መጽሐፍ ይሰጠዋል። የጭሰኛው ታሪክ በአንደኛው ከጌታው ቤት፣ በሌላው ከገበሬው ጎጆ ሲታይ ማወዳደር የሚችለው ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ዘመን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ያስቀመጠ ሁሉ ዘንድሮ ያውርደው። የዘለላቸውን ሦስት ቦታዎች ዘንድሮ ቀስ ብሎ ያንብባቸው፦ የወላጆቹን ስለት፣ የፊታውራሪውንና የገበሬዎቹን ጠብ፣ ዘመዶቹ እብድ ያሉትን የጉዱ ካሳን ክርክር። የከተሞቹ ቤተ መጻሕፍትም ከየርዕሱ አንድ ቅጂ ብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ ተማሪ ተውሶ ቤቱ የሚወስደው በቂ ቅጂ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ያቅርቡ። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ አሉ፤ ያኔ እንዴት እንዳነበቡት ከእነሱ መጠየቅ የሚቻለው አሁን ነው።